በጠርሙስ የማይመጣው

በረዶው ከወረደ ወዲህ የባየሽ ኑሮ ከሥራ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሥራ ሆኗል። ሮቢንስዴል በምትባለው የፈረንጅ ከተማ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሣ ትውልና ቤቷ ስትገባ እሷን የሚያነሣት ታጣለች።

የከፋው ግን የልጇ የቤዛዊት ነገር ነበር። አምና «ማሚ፣ የሆነ ቦታ እንሂድ» እያለች ትነዘንዛት የነበረችው ልጅ ዘንድሮ መጠየቁን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ባየሽን ከድካሙ ይልቅ ይሄ ዝምታ አስፈራት። አንድ ልጇን በራሷ እንቅልፍ ልታጣት ነው።

ብሶቷን የሰማችው የሥራ ጓደኛዋ፣ የወሎዋ ናዲራ ናት።

«ቅዳሜ ጠዋት ከሴት ጓደኞቼ ጋር ሌክ እንገባለን። የሐይቁ በረዶ ይቆረጥና ውሃው ውስጥ ነው የምንነከረው። ነይ፣ ሰው ትሆኛለሽ!»

«ልትገድይኝ ነው?» አለች ባየሽ።

መጣች ግን። ያውም እንዴት አድርጋ! እህል ውሃ ሳትቀምስ፣ ነጠላዋን በካፖርቷ ላይ አጣፍታ፣ ባዶ ጠርሙስ አንጠልጥላ።

«ቁርስ በልተሻል?» አለቻት ናዲራ።

«ኧረ ምን ነካሽ! በልቶ ማን ይጠመቃል?»

ናዲራ በሳቅ ፍርስ አለች። «ባዬ፣ ሌክ እኮ ነው፤ ጠበል አይደለም!» ብላ በግድ ቴምር አጎረሰቻት።

በረዶ አስቆርጦ የሚገባን ሰው አበደ ቢሉት አይፈረድም። ባየሽ ግን ወደ ውሃው የሚያወርደውን መሰላል ጨብጣ፣ «በስመ አብ!» ብላ እስከ አንገቷ ገባች። ትንፋሿ ቁርጥ አለ። የአለቃዋ ፊት፣ የወገቧ ሕመም፣ የነገው ፈረቃ ሁሉ ከራሷ ውስጥ ብን ብሎ ጠፋ። እንዲህ ያለ ብርድ ለሐሳብ ቦታ አይሰጥም፤ ተንፍስ ብቻ ነው የሚለው።

«ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ ቀስ» አለቻት ናዲራ እጇን ይዛ።

ብዙም ሳትቆይ ወጣች። ደሟ ከእግር ጥፍሯ እስከ ጆሮዋ ሲሯሯጥ ተሰማት። ፀሐይዋ በረዶው ላይ ታብረቀርቃለች፣ ፎጣ የለበሱት ሴቶች ይንጫጫሉ፣ እሷም ምኑ እንዳሳቃት ሳታውቅ ትስቃለች። ደስ አላት፤ እንዲያው ደስ አላት። ጠበል አለመሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ቢሆንም ጠርሙሷን ሞላች፤ ልማድ መች ይለቃል!

ቤት ስትደርስ ቤዛዊት ተሸፋፍና ተኝታለች። ባየሽ ከጠርሙሱ በእፍኟ ቀዳችና ፊቷ ላይ ረጨችባት።

«ማሚ! ዋት ኢዝ ሮንግ ዊዝ ዩ?» ብላ ልጅቷ ዘላ ተነሣች። ከዚያ የእናቷን እርጥብ ፀጉርና የቀላ ጉንጭ አየች፤ ሳቋንም ሰማች። «ዌር ወር ዩ?»

«ሌክ ነበርኩ። ውሃውን ይዤልሽ መጣሁ፤ ደስታው ግን በጠርሙስ አልመጣ አለኝ» አለች ባየሽ። «ተነሺ፣ የሆነ ቦታ እንሂድ።»

ቤዛዊት ይሄኔ ቡትስ ጫማዋን ፍለጋ አልጋው ሥር ገብታ ነበር።