ያኔላ በካሲሚሮ ግጥም የተያዘች ዕለት

ኦብዱሊያ ግጥም ስታዳምጥ ጫማዋን ታወልቃለች። ያኔላ መጀመሪያ ያስተዋለችው ይህንን ነበር፤ የመምህርቷ የእግር ጣቶች ሲሚንቶው ላይ ምቱን እየተከተሉ ብድግ ቁጭ ይላሉ፤ ስንኝ ሲሰበር ደግሞ ደንግጠው ቀጥ ይላሉ። ጣት ግጥም ይሰማል እንዴ!

ኦብዱሊያ ኑሮዋ የትምባሆ ቅጠል መደርደር ነው። ዋና ከተማው ሃቫና ውስጥ ስሟን የሚያውቅ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የመንደሩን ልጆች ሰብስባ ባለ አሥር ስንኙን ግጥም ታስተምራለች። "መጀመሪያ የሰው ግጥም በሆዳችሁ ይደር፤ የራሳችሁ ኋላ ይመጣል" ትላቸዋለች። ስለዚህ ልጆቹ ሁሉ የካሲሚሮን፣ የዚያን የሞተውን የመንደራቸውን ገጣሚ ስንኞች በቃላቸው ያዙ። እንደ ያኔላ ግን ማንም አልያዘም።

በመከሩ በዓል ያኔላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ቆመች። እንደ ልማዱ ከታዳሚው አንዱ ተነሥቶ የመጨረሻውን ስንኝ ወረወረላት፤ "ወንዙ ቤቱን አይረሳም!" ከፊቱ የሚመጡትን ዘጠኝ ስንኞች እዚያው ፈጥራ፣ ከጊታሩ ጋር እየዘመረች፣ እዚህችው ስንኝ ላይ ማረፍ አለባት።

አፏን ከፈተች። ግጥሙ እንደ ማር ወረደ። ትንሽ ቆይቶ አሮጊቶቹ አብረዋት ይሉ ጀመር፤ ቀጥሎ ግቢው በሙሉ። ለካ የካሲሚሮ ግጥም ነበር! የተሰጣትን ስንኝ ከነጭራሹ ረስታዋለች።

"ጉድ ነው! ካሲሚሮ ቀሚስ ለብሶ ተነሣ!" አለ ፀጉር አስተካካዩ ሩፊኖ። ሳቁ ዶሮዎቹን በተናቸው።

ያኔላ ጓሮ ሮጣ ሙዝ ተክሉ ሥር ተወሸቀች። ኦብዱሊያ ቅቅል ካሳቫ በሳህን ይዛ ተከተለቻት።

"ሌባ ነኝ፣ እትዬ።"

"አገር ያወቀውን የሚሰርቅ ምን ዓይነት ሌባ ነው? በይ ብዪ።"

"አይቀልዱብኝ። ከእንግዲህ አልመጣም። የራሴ የምለው አንድ ቃል የለኝም።"

ኦብዱሊያ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። "ካሲሚሮ በግጥሙ ወንዙ ላይ ጀልባ አለ ይላል። አንቺ አይተሻል?"

"የምን ጀልባ? ደርቆ የለ! ፍየሎች ናቸው የሚተኙበት።"

"ሁልጊዜ?"

"ዝናብ ሲሆን ይመለሳል። አምና መጥቶ በራችንን ገፋ። አባዬ ጎረቤት መስሎት 'ግባ!' አለው።"

ኦብዱሊያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ልጅቷን እንደ አዲስ ሰው አየቻት።

"ይህንን ካሲሚሮ አያውቅም" አለች ቀስ ብላ። "ተመለሺና የተወረወረልሽ ስንኝ ላይ አሳርፊው።"

ያኔላ ካሳቫውን ጎረሰች፤ አኘከች። "እሺ... እርስዎ አጠገቤ ከቆሙልኝ።"

"አልቆምም። የኔን ፊት እያየሽ የማውቀውን ልትዪልኝ ነው።" ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች፤ በአጥሩ አሻግራ ጮኸች፤ "ሩፊኖ! ሳቅህን ጨርሰህ ከሆነ ጊታር መቺውን ቀስቅሰው፤ ልጅቷ እየመጣች ነው!"

ከዚያም በግቢው ሳይሆን በጓሮ በር ወጥታ የትምባሆውን ማሳ ይዛ ሄደች። ያኔላ መምህርቷ ዞር እስክትል ጠበቀች። አልዞረችም፤ ጀርባዋ በቅጠሎቹ መሐል እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ።