ሦስተኛው ማስታወቂያ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጨረሻው እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከአማኑኤል ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ትንሿ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን አልተከፈተችም። በሩ ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ተለጥፏል። በወረርሽኙ ምክንያት ሕዝብ የሚገኝበት ቅዳሴ ላልተወሰነ ጊዜ ተቋርጧል ይላል። በዚያ ጠዋት፣ በቅዳሴው መጨረሻ፣ የአክስቴ የጋብቻ ማስታወቂያ ለሦስተኛ ጊዜ ሊነበብ ነበር። አልተነበበም።

በእኛ ዘንድ ሊጋቡ የተዘጋጁ ሰዎች ስማቸው በሦስት እሑዶች በሕዝብ ፊት ይነበባል። ጋብቻውን የሚከለክል ነገር የሚያውቅ ካለ መጥቶ የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ ለሆኑት ካህን፣ ለቆሞሱ፣ እንዲናገር ነው። የአክስቴ ሁለት ጊዜ ተነቦ ማንም አልመጣም። የሚነገረውን ሰፈሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲናገረው ኖሯል።

የአክስቴን ባል ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እላቸው ነበር። ጋሼ ወደ አዲስ አበባ ሳይመጡ በፊት በትውልድ መንደራቸው፣ ጉራጌ አገር፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ በቤተ ክርስቲያን አግብተው ነበር። ትዳሩን ሽማግሌዎች አፈረሱት። ቤተ ክርስቲያን ግን አላፈረሰችውም፤ በእሷ ዘንድ የመጀመሪያዋ ሚስት በሕይወት እስካሉ ድረስ ጋሼ ባለትዳር ናቸው። ስለዚህ መርካቶ ገብተው ሸራ ተራ ሱቅ ከከፈቱ በኋላ አክስቴን ያገቧት በሽምግልና ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ሁለቱም አይቆርቡም። ጋሼ ይህን ቻሉት፤ ለትልልቅ በዓላት ብቻ ነበር የሚያስቀድሱት። አክስቴ ግን ታማ ካልተኛች በቀር እሑድ ቀርታ አታውቅም።

ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት የመጀመሪያዋ ሚስት አገር ቤት አረፉ። ጋሼ ከለቅሶው እንደተመለሱ፣ ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ ሳይደርቅ፣ ቆሞሱ ዘንድ ሄዱ። ጋብቻው ከዐቢይ ጾም በኋላ፣ ከፋሲካ በሚቀጥለው ሳምንት እንዲሆን ተቆረጠ። ልጆቻቸው ድግስ ይደገስ ሲሉ አክስቴ አልፈለገችም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ መቁረብ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ መርካቶ አልተዘጋም። ሸራ ተራማ ጭራሽ ሥራ በዛ፤ በየጤና ጣቢያው ደጅ የሚተከል ድንኳን ይፈለግ ነበር። ለሥራዬ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ጋሼ ሱቅ ጎራ እል ነበር። ጎረቤታቸው ሐጂ የሚባሉ ገመድና ላስቲክ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጎን ለጎን ነግደዋል። ሐጂ ለጋብቻው ምስክር እንዲሆኑ ተጠይቀው እሺ ብለዋል፤ ሁለተኛው ምስክር እኔ ነበርኩ።

«ሙሽራው!» አሉ ሐጂ አንድ ቀን ከበራቸው ሆነው። «እስቲ ጭንብሏን ገለጥ አድርጋት፣ ጢምህን ተላጭተህ እንደሆነ እንይ።»

«አንተ ሚዜ ነህ፣ ዝም ብለህ አጅብ» አሏቸው ጋሼ።

«እኛ ኒካሕ አስረን፣ እራታችንን በልተን፣ እንተኛለን። የእናንተ እንደ መንግሥት ጨረታ ሦስቴ ማስታወቂያ ይወጣበታል። ለመሆኑ ተጫራች መጣ?»

«ሁለቴ ወጥቶ ማንም አልመጣም።»

«በቃ አሸንፈሃላ! ምን ትጠብቃለህ? ርክክብ ፈጽም እንጂ!»

ጋሼ ሲስቁ ጭንብላቸው አገጫቸው ላይ ወረደ። እዚያው ተዉት። በተራው ያለው ሰው ሁሉ እንደዚያው ነበር የሚያደርገው።

በግንቦት ቆሞሱ አክስቴ ግቢ መጡ። ወጣት ካህን ናቸው፤ ወደ ቁምስናችን ከተመደቡ ብዙም አልቆዩም ነበር። እንደ ወትሮው መስቀል አላሳለሙም። ከበሩ ፈቀቅ ብለው ቆመው ነው የተናገሩት። ጋሼም እኔም ነበርን።

«እናቴ፣ ከሀገረ ስብከቱ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ሦስተኛው ማስታወቂያ ይቅርላችሁ ተብሏል። ሐሙስ ጠዋት ሁለቱን ምስክሮች ይዛችሁ ኑ፣ በሩን ዘግተን አጋባችኋለሁ።»

«በዚያው ቀን እቆርባለሁ?» አለች አክስቴ።

«በዚያው ቀን ይቆርባሉ።»

እጇን ወደ አፏ ስትወስድ እልል ልትል መሰለኝ። ጋሼ ቀደሟት።

«አይሆንም፣ አባ።»

«ምኑ ነው የማይሆነው?» ብላ ዞረችባቸው።

«በዝግ በር የምትገቢው ሌባ ነሽ? ማስታወቂያው ሰው ባለበት ይነበባል። ያቺ ሴትዮ ፊት ለፊት ተቀምጣ ትሰማለች።»

የትኛዋ ሴትዮ እንደሆነች ሁላችንም አውቀናል። ከዓመታት በፊት፣ በግንቦት ወር ለእመቤታችን በሚደረገው ጸሎት ላይ፣ አክስቴ የእመቤታችንን ሥዕል ከሚሸከሙት ጋር ልትቆም ስትል ከቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ማኅበር አንዷ «ቅምጥ ሥዕል አትሸከምም» ብላ በሰው ፊት መልሳታለች። ጋሼ በቦታው አልነበሩም። የሰሙት ከሌላ ሰው ነው።

«እኔ ረስቻታለሁ» አለች አክስቴ።

«እኔ አልረሳኋትም።»

«የተሰደብኩት እኮ እኔ ነኝ! ስሜን ተወውና እኔ ልቁረብ!»

«ትቆርቢያለሽ፤ ቀና ብለሽ። ይሄን ሁሉ ዘመን ጠብቀን የለ? ሲከፈት ይነበባል።»

ቆሞሱ መቼ እንደሚከፈት እንደማያውቁ ደጋግመው ተናገሩ። ሁለቱም ካልፈቀዱ ማጋባት እንደማይችሉም ተናገሩ። ጋሼ አመስግነው ሸኟቸው። አክስቴ ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሐሙስ አለፈ።

በእነዚያ ወራት ቅዳሴ የምናየው በስልክ ነበር። ቆሞሱ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው ሲቀድሱ አንድ ዲያቆን በስልክ ይቀርጻል። አክስቴ ስልኩን ከስኳር ቆርቆሮው ጋር አስደግፋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሳሎን ውስጥ ቆማ ታስቀድሳለች። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ እንኳ አትቀመጥም ነበር።

ሐምሌ ላይ ጋሼን ሳል ጀመራቸው። ብርድ ነው ብለው ለጥቂት ቀናት ሱቅ ዋሉ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ናሙና ተሰጠ፤ ውጤቱ ቫይረሱ አለባቸው የሚል ነበር። ከማን እንደያዛቸው አልታወቀም። አምቡላንሱ መጥቶ ከእግር እስከ ራስ ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ሲወርዱ ጎረቤት በየበሩ ቆሞ አየ። ጋሼ ማንም ሳይደግፋቸው በራሳቸው ወጥተው ገቡ። አክስቴ እንድትከተል አልተፈቀደላትም።

ለይቶ ማከሚያው ውስጥ ጠያቂ አይገባም። መጀመሪያ ሰሞን በስልክ ይነጋገሩ ነበር። ኦክስጅን ሲደረግላቸው ማውራቱ ቀረ፤ ነርሷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ትይዝላቸውና አክስቴ ብቻዋን ታወራለች። ቆሞሱ ለሕሙማን የሚቀባውን ቅዱስ ዘይት ይዘው ሄደው ከበሩ ተመልሰዋል። በነጋታው አክስቴ እንድደውልላቸው ጠየቀችኝ። ድምፁን ለሁላችን እንዲሰማ አድርጌ ስልኩን ያዝኩላት።

«አባ፣ በስልክ ያጋቡን።»

«እናቴ፣ በስልክ አይሆንም። ሁለታችሁ አንድ ላይ መገኘት አለባችሁ።»

«ቅዳሴው በስልክ ሆኖ የለም እንዴ?»

«ቅዳሴውን በስልክ ያያሉ እንጂ አይቆርቡም።»

«እኔ እኮ ድሮም ሳይ ነው የኖርኩት!»

ቆሞሱ ወደ ማከሚያው እንዲያስገቧቸው እንደገና እንደሚጠይቁ ተናገሩ። ጠይቀዋል፤ ደብዳቤያቸውን በኋላ አይቼዋለሁ። መልስ ሳይመጣ ጋሼ አንድ ረቡዕ ንጋት ላይ ሞቱ።

የተቀበሩት በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። አስከሬኑ በታሸገ ከረጢት ነበር፤ ፊታቸውን ያየ የለም። ድንኳን አልተተከለም፤ ዕድሩ አልወጣም። ቆሞሱ ራቅ ብለው በጭንብል ውስጥ ፍትሐት አደረሱ። ዝናብ ስለነበር ብዙውን አልሰማነውም። ሐጂ ከመካነ መቃብሩ አጥር ውጭ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ወደ ጉድጓዱ ስትጠጋ ከቀባሪዎቹ አንዱ አክስቴን በእጁ አገዳት።

«ምናቸው ነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ።»

አሳለፋት።

ከአርባው በኋላ ቆሞሱ ቤት መጡ። በዚህ ጊዜ በር ላይ አልቆሙም፤ ገብተው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ስለ ጋሼ መልካምነት ብዙ አወሩ። ከዚያ የመጡበትን ተናገሩ።

«በቅርቡ እንከፍታለን። እናቴ፣ ከእንግዲህ የሚከለክልዎት ነገር የለም። ንስሐ ገብተው ይቆርባሉ።»

«ምን ተለወጠ?»

«እሳቸው … አርፈዋል።»

«ሞተልሽ ነው የሚሉኝ?»

«እንዲያ አላልኩም።»

«ምን ብዬ ነው ንስሐ የምገባው? ከእሱ ጋር የኖርኩት ጥፋት ነበር፣ ተጸጽቻለሁ ልበል?»

«እግዚአብሔር ልብዎን ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። እኔ የጠየቅኩት እርስዎን ነው፣ አባ። በአፌ ምን ልበል?»

ቆሞሱ በጉልበታቸው ላይ ያለውን ቆብ አገላበጡ። መጥታ ብታነጋግራቸው፣ እዚያው አብረው እንደሚያስቡበት ነገሯት። ሻይ ይጠጡ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አልጠጡም።

ቤተ ክርስቲያኑ በጥቅምት ተከፈተ። በሩ ላይ ሙቀት ይለካል፤ እጅ ላይ ሳኒታይዘር ይረጫል። አግዳሚዎቹ ላይ የት የት እንደሚቀመጡ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጓል። ቁርባን በአፍ መቀበል ቀርቶ በእጅ ሆኗል። ሥዕል አትሸከሚም ያለቻት ሴትዮ በሕይወት አለች፤ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። በቅዳሴው መጨረሻ የሌሎች ጥንዶች የጋብቻ ማስታወቂያ ተነበበ።

ከዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜ አክስቴን ወደ ቆሞሱ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ግቢው ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ተራርቀው ተቀምጠዋል። ቆሞሱ ባንዱ፣ እሷ በሌላው ተቀመጡ። እኔ የውጭ በሩ ጋ ሆኜ ጠበቅኩ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ አንዳቸውንም አልጠየቅኩም።

በማግስቱ እሑድ አብረን አስቀደስን። ቆሞሱ ቁርባኑን ይዘው ወጡ። ሰው በየተራው ቀርቦ ተቀበለ። ቆሞሱ ወደ እሷ አይተው ጠበቁ፤ አክስቴ ግን ከቦታዋ አልተነሳችም፣ አልቆረበችም። በሚቀጥለው እሑድም አልቆረበችም።