ለአደም ያልተነገረው

አደም ታንኳ ሲሠራ ያየ ሰው ሆዱን አይረሳም። ከሐይቁ ዳር የታጨደውን የደንገል እስር በሆዱ ይጫነዋል፣ ገመዱን በሁለት እጁ ይስበዋል፣ እስሩ እስኪጠብቅ ከላዩ አይነሳም። በዚያ ሆድ ላይ ነው እንግዲህ ሌሎች ሰዎች ባለቤት ሆነው የተገኙት።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ቀኝ ጎኑን ወግቶ ሲያጣጥፈው ታላቅ ወንድሙ ሙኽታር ባጃጅ ላይ ጭኖ ባሕር ዳር አንድ የግል ሆስፒታል ወሰደው። ትርፍ አንጀት ነው ተባለና በዚያው ቀን በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ሐኪሙ የወጣውን ሥጋ ሲያየው ግን ደስ አላለውም፤ አብጦ ንፍጥ የመሰለ ነገር ቋጥሯል። ታዲያ ለማን ቢናገር ጥሩ ነው? ታማሚ እንዳይደነግጥ ለዘመድ ይነገራል በሚለው በአገሩ ልማድ ሙኽታርን ወደ ኮሪደሩ ጠራና፣ «ይህ በላቦራቶሪ ቢመረመር ይሻላል» አለው።

«የወንድሜ ሥጋ በየጠርሙሱ አይንከራተትም። አካል ነው፣ ይቀበራል» አለ ሙኽታር። ሐኪሙም ሳይከራከር አስረከበው። ባለ ሥጋው እዚያው አልጋ ላይ ነቅቶ ነበር፤ የጠየቀው የለም። ሙኽታር ቀብሮ ሲመለስ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። የተፈጀው ግን የአደም ሆድ ነው።

ዓመት ሳይሞላ ሆዱ መነፋት ጀመረ። የሰፈሩ ሰው «ተመቸህ፣ ቦርጭ አወጣህ» እያለ አሾፈበት። ጤና ጣቢያ ቢሄድ ሥራውን ጠየቁት፤ ሐይቅ ላይ ነው ሲላቸው ሆዱን እንኳ ሳይነኩ የቢልሃርዝያ ኪኒን ሰጥተው ሸኙት። የሐይቅ ሰው ሌላ በሽታ አይታመምም ያለው ማን ነው? አደም ኪኒኑን ዋጠ፣ ሆዱም ማበጡን ቀጠለ። በመጨረሻ ደንገሉ ላይ መጎንበስ አቃተው።

ያኔ ነው ከሙኽታር ጋር ትልቁ ሆስፒታል ዶክተር ጸሎት ዘንድ የደረሰው። ሆዱን በእጇ ዳሰሰች፣ ሲቲ ስካን አሠራችው፣ ውጤቱን አይታ፣ «ያኔ የወጣው ትርፍ አንጀትዎ ተመርምሮ ምን ተባለ?» አለችው። አደም ወደ ወንድሙ ዞረ። ሙኽታር መሬት መሬት እያየ፣ «ይመርመር ብሎኝ ነበር። ቀበርሁት» አለ።

ዶክተሯ አልሸፋፈነችም። ትርፍ አንጀቱ ላይ እምብዛም የማያጋጥም ዕጢ ኖሯል፤ ፈንድቶ ያን ንፍጥ መሳይ ዝልግልግ ሆዱ ውስጥ ዘርቶታል። ያኔ ቢመረመር ኖሮ ሳይስፋፋ ሊደረስበት ይችል ነበር።

አደም እንደ አባት ሆኖ ያሳደገውን ታላቅ ወንድሙን ከልጅነቱ ጀምሮ «እርስዎ» ነበር የሚለው። ያን ቀን «አንተ» አለው። «ሥጋዬን ስትቀብር እኔ በሕይወት ነበርሁ እኮ። ምነው ብትጠይቀኝ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አደም ምኑን ደበቀ? በሽታው ነው ከእሱ የተደበቀው። ንዴቱ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ድረስ ተከትሎት ገባ። ሐኪሞቹ ዝልግልጉን እየጠረጉ፣ በቀኝ በኩል ያለውን አንጀት ቆርጠው አወጡ። በዚህኛው ጊዜ ሙኽታር ስለ መቅበር ቃል አልወጣውም፤ ሥጋው ወደ ምርመራ ሄደ።

ውጤቱ የመጣ ቀን ዶክተር ጸሎት ወረቀቱን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። አደምን አየችው፣ ከዚያ ሙኽታርን በጣቷ ጠቀሰችው። ቅን ሰው ናት፤ ግን እሷም የዚሁ አገር ልጅ ናት። ሙኽታር ከወንበሩ ብድግ አለ።

አደም ቁስሉን በእጁ ደግፎ ከትራሱ ቀና አለ። «ተቀመጥ» አለው ወንድሙን። ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። «ዶክተር፣ ሆዱ የኔ ነው። የሚነገረውም ለኔ ነው።»

ጸሎት አፍራ ገባችና አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ዕጢው ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት እንደሆነ ነገረችው። ሁሉንም ጠርጎ ማውጣት ግን አልተቻለም፤ ሊመለስ ይችላል፣ ሌላ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልግ ይችላል። ሙኽታር ገና ተናግራ ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረ።

አደም ዞሮ አላየውም። «እሱ ሲያለቅስ ያመለጠኝ አለ» አላት። «ይድገሙልኝ።»