እናቴ የጸለየችለት ጋዜጠኛ

እናቴ ሲኒማ ቤት ገብታ ስለማታውቅ አንድ ቀን እስራኤል ውስጥ ከምንኖርበት ሰፈር ከነቬ ኢታማር በአውቶቡስ ይዣት ሄድኩ። ፊልሙ ጦርነት ውስጥ ስለጠፉ ጋዜጠኞች ነበር። ዕብራይስጡ ስለማይገባት የሚሆነውን በጆሮዋ ሹክ እላታለሁ። ታጣቂዎች አንዱን ወጣት ጋዜጠኛ ሲከቡት ግን ብድግ አለች።

«ኧረ ልጄ፣ ተሸሸግ! ከኋላህ መጡብህ!»

«ሼኬት! ዝም በሉ!» ብሎ ሰዉ ጮኸብን። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴ ተቀመጠችና በለሆሳስ ትጸልይ ጀመር።

አጠገቧ የነበረች ሽበታም ሴትዮ «ምን እያለች ነው?» አለችኝ በዕብራይስጥ።

«ይቅርታሽን፣ ለልጁ እየጸለየች ነው።»

«ለእኔም ልጅ ትጸልይልኝ። ጋዜጠኛ ነው፤ ጦርነት ሊዘግብ ሄዶ ድምፁ ጠፋ። ቤት መቀመጥ ቢያቅተኝ፣ ሥራው ምን እንደሚመስል ልይ ብዬ መጣሁ።»

ለእናቴ ነገርኳት። ስሙን አስጠይቃኝ በስሙ ጸለየችለት። ብዙም ሳይቆይ የሴትዮዋ ስልክ ጮኸ። ሰዉ እንደገና ተቆጣ። እሷ ግን ስልኩን አንስታ ከሰማች በኋላ እናቴን አቅፋ ታለቅሳለች።

«ድንበሩን ተሻግሯል! ደኅና ነው!» አለችኝ።

«ተመስገን!» አልኩ እኔም ከልቤ፤ ለእናቴም ተረጎምኩላት።

እናቴ እልል ብላ ነጠላዋን አጣፋች። «እንግዲህ ልጁ ከተገኘ ምን እንጠብቃለን? ተነሺ፣ ወደ ቤታችን!»

የፊልሙ ጋዜጠኞች ይገኙ አይገኙ እስከ ዛሬ አላውቅም።