ቀኝ የእኔ፣ ግራ የእናንተ

ሎርና ሃስኬት ለሠላሳ አራት ዓመት የሰባተኛ ክፍል ልጆችን ሳይንስ ስታስተምር፣ እኔ ከኮሪደሩ ማዶ ሒሳብ አስተምር ነበር። ስለ እሷ ጥሩውን መናገር አይከብድም። ልጅ ከታመመ የቤት ሥራውን ይዛ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች፤ ካፖርት የሌለው ካየች በማግስቱ ካፖርት ይገኝለታል፣ ከየት እንደመጣም አይነገርም። እኔ ግን ይህን የምጽፈው ስለ ደብተሩ ነው። ስለ ደብተሩ ከተነሳ ደግሞ ራሴንም አልምርም።

በእኛ ትምህርት ቤት «ደብተሩ» ከተባለ የሎርና ደብተር ማለት ነው። በነሐሴ፣ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት፣ እያንዳንዱ ልጅ ወፍራም ደብተር ይዞ ይመጣና ገጹን ሁሉ ከአንድ ጀምሮ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ገጾች ለማውጫ ይተዋል። ከዚያ ሕጉ ይመጣል። በቀኝ በኩል ያለው ገጽ የመምህሯ ነው፤ እሷ ያስጻፈችው ማስታወሻና በኮላ የሚለጠፈው ወረቀት እዚያ ይገባል። በግራ በኩል ያለው የተማሪው ነው፤ የገባውን በራሱ ሥዕል፣ በራሱ ሠንጠረዥ፣ በራሱ ቃል ያሳይበታል። «ቀኝ የእኔ» ትላለች ሎርና። «ግራ የእናንተ» ብለው ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይጮሁላታል። መመለስ የነበረባቸው «ግራ የእኛ» ብለው ነበር፤ ግን እሷ እንዳለችው መድገም ይቀናቸዋል፣ እሷም አርማቸው አታውቅም።

«ሎርና፣ እነዚህ ልጆች አድገው መኪና ሲነዱም በግራ በኩል እንዳይሄዱብሽ» እላታለሁ።

«አንተ አርፈህ ቁጥርህን ቁጠር፣ ኦርሊን» ትለኛለች።

እውነቱን ለመናገር ደብተሩ ይሠራ ነበር። ጫማውን የት እንዳወለቀ የማያውቅ ልጅ የተክል ሴል ሥዕሉ ገጽ አርባ አራት ላይ እንዳለ ያውቃል። ከሌሎች ወረዳዎች ሳይቀር መምህራን መጥተው ያዩላት ነበር።

የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት ከነበሩት ልጆች ሳይንስን እንደ ማርሊ ስትራውድ የወደደ አልነበረም። ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ያሳደጋት አያቷ ሮይስ ሲሆን፣ ዕድሜውን በኦሃዮ ወንዝ ላይ የድንጋይ ከሰል ጀልባ ሲነዳ የኖረ ሰው ነበር። ልጅቷ አጥብቃ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ከጎበዞቹ የሳይንስ ክፍል መግባት። እዚያ የገባ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ኬሚስትሪውም ባዮሎጂውም ይከፈትለታል፤ ያልገባው እንደምንም ይጨርሳል። «ሚስተር ታኬት፣ እኔ ነርስ አይደለም የምሆነው» አለችኝ አንድ ቀን፤ «ነርሶቹ ግራ ሲገባቸው የሚጠይቁትን ሰው ነው የምሆነው።»

ሎርና ደብተር የምታየው በዓመት አራት ጊዜ ነው። በጥር ሲታይ እኔ ስቴፕለር ልዋስ ገብቼ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሎርና ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ የማርሊን ደብተር ታገላብጣለች፤ የገጽ ቁጥር፣ ርዕስ፣ ጎን፣ እያለች ምልክት ታደርጋለች።

«ማርሊ፣ ይሄ ምንድን ነው? ከሃያ ስድስት ጀምሮ የእኔ ሁሉ በግራ፣ ያንቺ ሁሉ በቀኝ ሆኗል።»

«አንድ ገጽ ጨምሬ ነው፣ ሚስ። ግን ሁሉም አለ።»

«ሁሉም አለ፤ ቦታው ላይ ግን የለም። የደብተር ቁም ነገሩ እኮ ቦታው ነው።»

«የጨመርኩትን ገጽ አይተውታል?» አለች ልጅቷ።

«አየሁት። የእኔ ገጽ ላይ ነው የጻፍሽው።»

ማርሊ ደብተሯን ተቀበለች። ከመቶ ሃምሳ ሁለት አገኘች። ደወሉ ሲደወል ደብተሩን በር አጠገብ ካለው የቆሻሻ ቅርጫት ጥላው ወጣች። ሎርና ከቅርጫቱ አነሳችው፤ ወረቀት መጣል አትወድም።

የጎበዞቹን ክፍል ዝርዝር የምናወጣው አራት መምህራን ነበርን። በፈተናዎቹ ማርሊ ዘጠና ስድስት ነበራት፤ ደብተሩ ላይ ግን ከሰማንያ በታች ያገኘ አይገባም የሚል ደንብ ነበረን። ሮይስ በጥቅምት እንደሞተ አውቅ ነበር። ቀብሩ ላይ ተገኝቻለሁ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ከቀረበው የአሳማ ሥጋና የድንች ሰላጣም በልቻለሁ። «ይህቺ ልጅ እኮ አያቷን ቀብራለች፣ ደብተሯ ቢዘበራረቅ ምን ይገርማል» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። አላልኩም። ለምን እንደሆነ ብጠየቅ የማፍርበት መልስ ነው ያለኝ፤ ስብሰባው እንዲያልቅ ቸኩዬ ነበር። ስሟ የሌለበት ዝርዝር ላይ ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ ሎርና የልጅቷን ስም በግራጫ ፕላስተር ሸፍና ደብተሩን መማሪያ አደረገችው። በየነሐሴው ለአዲስ ልጆች ከፍ አድርጋ ትይዘውና መሃሉን ገልጣ «ይህ ደብተር ምን ሆኗል?» ትላለች። «ተገላብጧል!» ይሏታል። ይሳቃል። በክፍት በር ሳቁ እኔ ጋ ይደርሳል፤ አንዳንዴ እኔም ፈገግ እል ነበር። ያ ሳቅ አሁን ጆሮዬ ላይ ነው።

ባለፈው ሰኔ ሎርና ጡረታ ወጣች፤ ክፍሏን ባዶ ስታደርግ ካርቶን ልሸከምላት ሄድኩ። የኮላ ስቲኮች፣ ጫፋቸው የደነዘዘ መቀሶች፣ አንድ ባልዲ ሙሉ ከለር። ከመደርደሪያው ላይ ያን ደብተር አነሳሁት።

«ይቺንስ ለሙዚየም ነው የምትሰጫት?» አልኳት።

«ጣላት በቃ፣ ሥራዋን ጨርሳለች» አለች፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር እየላጠች።

የሒሳብ መምህር ነኝና ልጥላት አልቻልኩም። ቀኝ ገጽ ሁሌም ኢ-ተጋማሽ ቁጥር፣ ግራ ገጽ ሁሌም ተጋማሽ ቁጥር ነው። ተገላበጠ ከተባለ የተገላበጠበት ቦታ መኖር አለበት። ከመጀመሪያው እየገለጥኩ ፈለግሁት። እስከ ሃያ ሦስት ድረስ ሁሉም በቦታው ነው፤ ጽሕፈቷም ንጹሕ ነው። ሃያ ሦስት ላይ የሎርና የቤት ሥራ ተለጥፏል፤ «ከቤታችሁ አንድ ሰው ምረጡ። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ቁጠሩ፤ ተቀምጦ እና ደረጃ ከወጣ በኋላ። ለአምስት ቀን መዝግቡ» ይላል።

ሃያ አራት ላይ፣ በልጅቷ ገጽ፣ ሠንጠረዥ አለ። «ሰኞ፦ ተቀምጦ ሃያ ሁለት። ደረጃ፦ አያቴ ደረጃ አይወጣም። ማክሰኞ፦ ተኝቶ ሃያ ስምንት። ረቡዕ፦ ዐሥራ ስድስት። ይቆምና እንደገና ይጀምራል። ሲቆም እኔም ትንፋሼን ይዤ ነው የምጠብቀው።»

ገጹ እዚያ አለቀባት። ስለዚህ ወደ ሃያ አምስት ተሻገረች። «ሐሙስ ጠዋት፦ ዘጠኝ። ሐሙስ ከሰዓት፦ ስድስት። ዓርብ ጠዋት፦ አራት። ዓርብ ከምሳ በኋላ፦ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ።» ሎርና በየሥራው መጨረሻ አንድ ጥያቄ እንዲጽፉ ታዛቸው ነበር፤ ከታች፣ ከመስመሩ ሳይወጣ፣ ጥያቄው አለ። «የመጨረሻው መሆኑን ያውቅ ነበር?»

ገጹ ጥግ ላይ በሎርና ቀይ እስክሪብቶ «ጎን፦ ተቀንሷል» ተብሏል።

«ሎርና፣ ነይ እስቲ» አልኳት።

ቆማ አነበበችው። ከዚያ ከልጆቹ ዝቅተኛ ወንበር በአንዱ ላይ ተቀምጣ ደግማ አነበበችው።

«አላነበብኩትም» አለች። «ኦርሊን፣ ቁጥሩንና ጎኑን ነው ያየሁት። አላነበብኩትም።»

ጭንቅላቴ የሚያደርገውን አያውቅምና እዚያው ሒሳቡን ሠርቶት ነበር። ሃያ ስድስትን ባዶ ብትተወው ኖሮ የቀረው ሁሉ በየጎኑ ይገባ ነበር። አንድ ባዶ ገጽ ብቻ ነበር የጎደለው። በጥርም ቢሆን «አንድ ገጽ ዝለዪና ቀጥዪ፣ የእኔ ልጅ» ብሎ የሚነግራት ሰው ቢኖር በቂ ነበር። ስቴፕለር ይዤ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ማርሊን ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። ከሦስት ዓመት ወዲህ የትምህርት ቤቱን ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ የምትነዳው እሷ ናት፤ ሎርና በየማለዳው ከበሩ ላይ እጇን ታውለበልብላት ነበር። በማግስቱ ከሰዓት ሁለታችን ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ማርሊ የአውቶቡሱን ወለል እየጠረገች ነበር።

«ሚስ ሃስኬት። እንኳን ለጡረታ አበቃዎት» አለች። «ሚስተር ታኬትም አሉ? ሁለታችሁ አንድ ላይ ከመጣችሁ የሆነ ጥፋት አጥፍቻለሁ ማለት ነው።»

ሎርና ደብተሩን ዘረጋችላት። ማርሊ ፕላስተሩን አየችው፤ እጇን አልዘረጋችም።

«አውቀዋለሁ» አለች። «ነሐሴ በመጣ ቁጥር ልጆቹ እዚህ ውስጥ ያወሩታል። የተገላበጠው ደብተር ይሉታል። አምና አንዷ ስትስቅ ከመቀመጫዋ ወድቃለች፤ አቁሜ ነው ያነሳኋት።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ ማርሊ?» አለች ሎርና።

«ምን ብዬ ልንገርዎት?»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለች ሎርና። «ያንን ገጽ ያነበብኩት ትናንት ነው።»

ማርሊ መጥረጊያውን ከመቀመጫ ጋር አስደገፈችው።

«ትናንት?»

«ትናንት።»

«አየሁት ብለውኝ ነበር እኮ።»

ሎርና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ማርሊ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ እኮ አንብበውት የቀነሱብኝ ነበር የሚመስለኝ» አለች። «አንብበው፣ አይበቃም እንዳሉኝ። እሱን ለምጄው ነበር።»

ሎርና እያለቀሰች ነበር። እኔ ዝርዝሩ ላይ መፈረሜን ለመናገር አፌን ከፈትኩና፣ ያኔ እንዳደረግሁት፣ መልሼ ዘጋሁት። ማርሊ ደብተሩን ተቀበለች፤ ሳትገልጠው ከሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ያልተጠረጉ ሦስት ረድፎች ቀርተዋት ነበርና መጥረጊያዋን አነሳች።