የሶላንዥ አንቱታ

ሶላንዥ ጠንቃቃ ሴት ናት። የመንደሩን ብቸኛ ምግብ ቤት ሃያ ዓመት ስታስተዳድር ሚስጥር አምልጧት አያውቅም። ሥጋ ሻጩን ሌዮንስን አሥራ አንድ ዓመት ስትወደው ባሏ ፌርናን እንኳ አልጠረጠረም። ዘዴዋ ቀላል ነበር፤ በሰው ፊትም፣ ብቻቸውን ሲሆኑም «እርስዎ» ትለዋለች፣ እሱም እንደዚያው። ምላስ አንድ ቀን ያዳልጣል ብላ ነው።

«እባክዎ፣ አንዴ ብቻ አንተ ይበሉኝ» ብሎ ለምኗት ያውቃል፣ ያን ሁሉ ትከሻ ተሸክሞ።

«አንተ ያልኩዎት ዕለት ሁለታችንም አንገት የለንም» አለችው።

ፌርናን «ቤቱን ሸጠን ሊሞዥ ከተማ እህቴ ዘንድ እንገባለን» ባለ በሳምንቱ፣ ወይን ሊቀዳ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ የመሰላሉ ሦስተኛ ርብራብ ከዳው። ሌዮንስ ዋዜማውን በአጥንት መጋዙ ገዝግዞት ነበር፤ ሶላንዥም ድምፁ እንዳይሰማ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋለታለች። ሐኪሙ አደጋ ነው ብሎ ፈረመ፣ ቀብሩም ተፈጸመ። የቀረው የዣንዳርሞቹ፣ የገጠር ፖሊሶቹ፣ አለቃ መዝገቡን መዝጋቱ ብቻ ነው።

አለቃው ቪዳል ግን ሦስት ቀን ሙሉ በምሳ ሰዓት እየመጣ ሾርባውን ይጠጣል እንጂ ስለ መሰላሉ ትንፍሽ አላለም። ቢጠይቃት መልሷን አጥንታለች። አለመጠየቁ ነው እንቅልፍ የነሳት።

በሦስተኛው ቀን ዳቦ ጋጋሪዋ በርት በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች።

«ሶላንዥ! ጥቁሩ እንዴት አባቱ አምሮብሻል! አንተ ሌዮንስ፣ ዛሬም እዚህ ነህ? ሥጋውን ድመቷ ናት እንዴ የምትሸጥልህ?» ብላ ዳቦውን አስቀምጣ ወጣች።

ሌዮንስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማዳም፣ ካላስቸገርኩዎት ጨው?»

«ይኸውልዎ፣ ሙሴ ሌዮንስ» ብላ ፊቱ አኖረችለት።

ቪዳል እንደ አገሩ ልማድ በሳህኑ በቀረው ሾርባ ላይ ቀይ ወይን አፈሰሰ፤ በሁለት እጁ አንስቶ ጨለጠና ጢሙን ጠረገ።

«ደስ የሚል መንደር ነው» አለ። «መንገድ ጠራጊው ከንቲባውን አንተ ይለዋል። በርትማ ቄሱንም አትምርም። እርስ በርስ አንቱ የሚባባሉት እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ።»

«አክብሮት ነው» አለች ሶላንዥ።

«ትምህርት ቤቱ ውስጥ የድሮ ፎቶ አየሁ። አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣችኋል፣ ሰባት ዓመት ቢሆናችሁ ነው። ኋላ ተጣላችሁ?»

«ኧረ በፍጹም!» አለ ሌዮንስ ፈጥኖ። ሶላንዥ በዓይኗ ልትበላው ደረሰች።

«ካልተጣላችሁማ ምን ችግር አለ? ማዳም፣ እስቲ እንደ በርት አንዴ አንተ ይበሉት። እኔም መዝገቤን ልዝጋ።»

ሶላንዥ ፈራች፣ ክፉኛ ፈራች። ግን አንዲት ቃል ናት፤ እሷን ብሎ መገላገል ነው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ድምፅዋን እንደ በርት አሻከረች።

«አንተ ሌዮንስ! ጨዉን ለአለቃው አቀብለው።»

ሌዮንስ አልተንቀሳቀሰም። ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። ያ በሬ የሚያህል ሰው እንባው ሾርባው ላይ ዱብ ዱብ አለ።

«አልሽኝ» አለ። «ሶልዬ፣ አልሽኝ እኮ!»

ቪዳል እጁን ዘርግቶ ጨዉን ራሱ አነሳ።