ከአምስተኛ ፎቅ የተላከ ድምፅ

አሠሪዬ ሚስተር ሁለት ዓይነት የመገናኛ ሬዲዮ ለናሙና አምጥቶ የማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። በምንኖርበት ሰፈር፣ ዳሒዬ ውስጥ፣ መብራት ከጠፋ የሰፈሩ ጄኔሬተር ብዙ አይቆይም፤ እሱ ሲቆም ስልኩም ይቋረጣል። ስለዚህ ምድር ቤት ካለው ሱቁ ሆኖ አምስተኛ ፎቅ ካለነው ከእኛ ጋር የሚነጋገርበት ነገር ፈለገ። እናቱ መራመድ አይችሉም። እንደ ቤተሰቡ «ተይታ»፣ አያቴ፣ ነው የምላቸው። የማነሣቸውም የማጥባቸውም እኔ ነኝ።

አንደኛው ሬዲዮ ወፍራም ነው፣ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ሌላው ቀጭን፣ ቻርጅ የሚደረግ።

«የትኛው ይሻላል?» አላት ሚስቱን፣ ማዳምን።

«ባለ ድንጋዩ» አልኩ ሳልጠየቅ። «መብራት ለሚጠፋበት ቀን አይደል የምንገዛው?»

ሚስተር ሳቀ። «ይሄኛው መኪና ውስጥም ይሞላል፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ችግር የለም።»

ከቀጭኑ ሁለት ገዛ፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእኛ። መኪናው ግን የእሱ ነው፤ እኔ የምውለው ቤት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ይህን ማናችንም አላሰብነውም።

ጦርነቱ መጣ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሰፈሩን ልቀቁ ተባለ። ሊፍቱ ቆሟል። ተይታ የአልጋቸውን ብረት ጨብጠው «ከቤቴ አልወጣም» አሉ። ሚስተር ለመናቸው፣ ጮኸባቸው፣ በመጨረሻ ሻንጣውን አነሣ።

«ቦታ ፈልገን ቶሎ እንመለሳለን። በሬዲዮው እናወራለን» አለኝ። ማዳም እንደ ልማዷ በሩን ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ወረደች።

«ትሰሚኛለሽ?» አለ ከመኪናው ውስጥ በሬዲዮው።

«እሰማለሁ ሚስተር።»

ሁለት ጊዜ እንዲህ ተባባልን። በሦስተኛው ድምፁ ተቆራረጠ፤ ከዚያ ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ። ለሱቅና ለፎቅ የተገዛ ሬዲዮ እነሱ እስከሸሹበት ተራራ ድረስ አይከተልም። ስልኬም ኔትወርክ የለውም።

«ምን አሉ?» አሉ ተይታ።

«መንገድ ላይ ናቸው።»

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ፍንዳታ የሳሎኑን መስታወት አረገፈው። የሬዲዮው ባትሪ ሊያልቅ ነው፤ መብራቱ ቀልቶ ብልጭ ድርግም ይላል። ቻናሉን እየቀያየርኩ በተሰባበረ ዓረብኛዬ ጮህኩ፤ «አምስተኛ ፎቅ ነን! አሮጊት አለች፣ በሩ ተቆልፏል!»

«የትኛው ሕንጻ?» አለ አንድ ወንድ። ከጀርባችን ያለው ሕንጻ ናጡር፣ ጥበቃው ነበር። ነግሬው ሳልጨርስ ሬዲዮው ጠፋ።

መስማቱን ሳላውቅ የተይታን ሻርፕ አስሬ ጠበቅሁ። ብዙ ቆይቶ በሩ ላይ ብረት ተንኳኳ። ናጡሩ መቆለፊያውን ሰብሮ ገባ። ተይታን ወንበር ላይ አስረን፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ ደረጃውን ወረድን። ተይታ እስከ ሦስተኛው ፎቅ ድረስ እየሰደቡን ነበር።

ናጡሩ ሰው የሚያሸሽ ቫን አስቁሞ አሳፈረን።

«አንተስ?» አልኩት።

«ወረቀቶቼን ላምጣ። ያላ፣ ሂዱ!»

ሁለት መታጠፊያ እንዳለፍን ምድሩ ተናወጠ። ዞር ስል የእሱ ሕንጻ በቆመበት አቧራ ብቻ ነበር። ሾፌሩ አላቆመም። እኔም አቁም አላልኩም።

ደክዋኔ በሚባል ሌላ ሰፈር፣ ጓደኛዬ የተከራየችው ክፍል ውስጥ አረፍን። በሦስተኛው ቀን ሚስተርን በስልክ አገኘሁት። መጥቶ እናቱ እግር ላይ ወድቆ አለቀሰ። ከዚያ ቀና ብሎ «በሩን ማን ከፈተላችሁ?» አለኝ።

ስለ ናጡሩና ስለ ፈረሰው ሕንጻው ነገርኩት።

«ያላ፣ እንሂድ» አለ። «ማዳም እየጠበቀችሽ ነው።»

ተይታ እጅጌዬን ይዘዋል። ጣቶቻቸውን ቀስ ብዬ አላቅቄ ግንባራቸውን ሳምኩ።

«ኸላስ፣ በቃ» አልኩት። «እኔ አልመጣም።»